ስኪውን ማን ይሥራው?

ጣርማ በር ላይ ቆመን ስለ ስኪ እንጽፋለን ስንል አንባቢ መሳቁ አይቀርም። ይሳቅ። ጣርማ በር ውርጭ አለው፤ ጭጋግ አለው፤ ጭላዳ አለው፤ ስኪ የሚያስነዳ በረዶ ግን ከቶ የለውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የደጋውን ብርድና የይፋትን ቆላ የሚለይ በር ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይጓዛል። እንግዲህ እኛ የዚህ ተዳፋት ልጆች ስለ ስኪ የምንናገረው ነገር አለን።

ስኪ ማለት ለማያውቀው ሰው፣ ከእግር ጋር ታስሮ በበረዶ ላይ የሚያንሸራትት፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቆለመመ ረጅምና ቀጭን ጣውላ ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ጣውላ ተወዳድራለች። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ሮቤል ተክለማርያም በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ ገባ። (‹‹የክረምት ኦሊምፒክ›› ሲባል ሐምሌና ነሐሴን ለሚያስብ ያገራችን ሰው ነገሩ የጭቃ ውድድር ሳይመስለው አይቀርም።) ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ ስኪንም እዚያው የተማረ ነው። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፤ ከ4 ዓመት በኋላም በቫንኩቨር 93ኛ ሆነ። እዚህ አገር ሲመጣ በረዶ ስላጣ በባለ ጎማ ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ከእርሱ በኋላ በ2006፣ በ2010ና በ2014 ዓ.ም. በተደረጉት ጨዋታዎች አገራችን አልተሰለፈችም።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁሉም በአንድ አፍ ‹‹በረዶ የለንማ!›› ይላል። እኛ ይህን መልስ አንቀበልም። በረዶ እንደሌለ ሮቤልም ያውቅ ነበር፤ ልምምዱን ግን አልተወም። የጐደለው ሌላ ነው። ባለ ጎማውን ስኪ እዚህ የሚሠራ ሰው ስለሌለ ዕቃው ከባሕር ማዶ ከሚመጣ ሰው ጋር ይመጣል፤ ሰውየው ሲሄድ ዕቃውም አብሮ ይሄዳል፤ ለተከታይ የሚቀር የለም።

ለመሆኑ ባለ ጎማ ስኪ ምን ተአምር አለው? ከግማሽ ሜትር በለጥ የሚል ጠንካራ ዘንግ፤ ከፊትና ከኋላው አንዳንድ ትንንሽ ጎማ፤ በየጎማው ውስጥ ኩሽኔታ፤ በመካከሉም የጫማውን አፍንጫ ብቻ ይዞ ተረከዙን ነጻ የሚለቅ ማሰሪያ። በቀጥታ ለሚራመዱበት ዓይነት ከጎማዎቹ አንዱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይዞር ማገጃ ጥርስ ይገባለታል፤ ሳይክል ላይ ፔዳሉን ስናቆም ኋለኛው ጎማ መዞሩን እንዲቀጥል የሚያደርገው ጥርስ ዘመድ መሆኑ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ከጋራዥ ያረጀ ኩሽኔታ ለምኖ፣ ሳንቃ ላይ ምስማር መትቶ፣ ጋሪ ሠርቶ ቁልቁለት ያልወረደ ልጅ ከመካከላችን ማን ነው? ያ ጋሪ የባለ ጎማው ስኪ ታናሽ ወንድም ነበር። እናቶቻችን ግን ጉልበታችን ሲላጥ እንጂ ሙያችን ሲታይ አልመሰላቸውም።

ዘንጉ ከምን ይሠራ? ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ወይራ ይጠነክራል፤ ይከብዳልም። የወፍ ዋሻን ጽድና ዝግባ ማንም በዚህ ሰበብ እንዳይነካብን። ለእኛ የሚሻለው የደጋ ቀርከሃ ነው፤ ሰንጥቆ፣ አድርቆ፣ በመላጊያ አስተካክሎ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ በኮላ ማጣበቅና በሞርሳ ጠብቆ ማሳደር። በውጭ አገር በየቤታቸው ስኪ የሚሠሩ ሰዎችም የስኪውን ሆድ በቀርከሃ የሚሞሉ አሉ። እውነተኛውን የበረዶ ስኪ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ሥራው ይረዝማል። አፍንጫውን በእንፋሎት አለስልሶ መቆልመም አለበት፤ ወገቡንም እንደ ቀስት ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሲቆምበት ክብደቱ በመላ ርዝመቱ እንዲከፋፈል ማድረግ ይገባዋል። ቀስቱ ከበዛ ስኪው መካከሉ መሬት አይነካም፤ ካነሰም ሰውየውን አስቀምጦ ይቀራል።

ይህን ሁሉ በፋብሪካ ብቻ የሚሆን አድርጎ የሚያስብ ጓደኛ ቢኖር፣ የዛሬውን ስኪ መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ ማን እንደ ነበር እንንገረው። ሶንድሬ ኖርሃይም ይባላል፤ በኖርዌይ አገር በቴሌማርክ ይኖር የነበረ ጭሰኛ ነው። አዎን፣ ጭሰኛ! የራሱ መሬት ያልነበረው ይህ ሰው የስኪውን ወገብ አቅጥኖ፣ ተረከዝ የሚይዝ ማሰሪያ ከዛፍ ሥር ጠምዝዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ዋና ከተማው ሄዶ በገዛ ዕቃው የከተማውን ሰው አስደነቀ። በመካከለኛው እስያ በአልታይ ተራሮች የሚኖሩ አዳኞችም ስኪያቸውን ከጥድ ጠርበው በሆዱ የፈረስ ቆዳ ያለብሱታል፤ ፀጉሩ ወደ ኋላ ስለሚተኛ ወደ ፊት ያንሸራትታል፤ ዳገት ሲወጡ ደግሞ ወደ ኋላ አይለቅም። ያው የማገጃው ጥርስ ሥራ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

እንግዲህ አንድ ስኪ የሦስት ሰዎች እጅ ነው ማለት ነው፤ የእንጨት ጠራቢው፣ የብረት ቀጥቃጩና የቆዳ ሠሪው። በአገራችን ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ምን ሲባሉ እንደኖሩ ማንም ያውቃል። አንዱን ‹‹ቡዳ››፣ አንዱን ‹‹ፋቂ›› እያልን ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን ማዕዳችንን ከለከልነው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ከአደባባይ ቢቀንስም ንቀቱ መልኩን ቀይሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። የብረትን ጥንካሬ በቀመር የሚያሰላ፣ ሞርሳ ግን አጥብቆ የማያውቅ መሐንዲስ ይመረቃል። ስሙን የማንጠራው አንድ ትምህርት ቤት ወርክሾፑን ስንጎበኝ መላጊያዎቹ በቅባት ታሽተው በሳጥን ተቆልፈው አገኘናቸው። ለምን ብለን ብንጠይቅ ‹‹ተማሪ ያበላሻቸዋል›› ተባልን። ተማሪ ያላበላሸው መሣሪያ ተማሪን ምን አስተማረው?

‹‹ለሯጭ አገር ስኪ ምኑ ነው? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አላሸነፈም?›› የሚሉን አሉ። ጃቶ በምትባል የሸዋ መንደር የተወለደው አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ የማይሞት ክብራችን ነው። ያን ባዶ እግር ጫማ ላለመሥራት ምክንያት ስናደርገው ግን ጀግናውን የስንፍናችን ጠበቃ አደረግነው። በ4 ዓመቱ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎም አሸንፏል፤ ይህን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ስለ አደጋው የሚያስብ ግን እውነት አለው። ባለ ጎማ ስኪ ፍሬን የለውም፤ የጣርማ በር ቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ያለውንም ከባድ መኪና የሚፈትን፣ በጭጋግ ጊዜ አፍንጫ የማያሳይ መንገድ ነው። ስለዚህ በዚያ ቁልቁለት ማንም እንዳይሞክረው አጥብቀን እንቃወማለን። መጀመሪያ በግቢ ውስጥ በሜዳው አስፋልት ይለመድ። ሲለመድም የሚጠቅመው ዳገቱ ነው፤ የረጅም ርቀት ስኪ ተወዳዳሪ ሳንባውን የሚያሠለጥነው በዳገት ነውና፣ ከደብረ ሲና ወደ ላይ ያለው መንገድ ሌላው ዓለም ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ዓይነት ነው። ይህም ቢሆን ትራፊክ ፖሊስ ተነግሮት፣ መንገዱ በሚጠበቅበት ሰዓት፣ መውረዱም በመኪና መሆን አለበት።

ማኅበራችን በዚህ መንፈቅ የወርክሾፑ በር ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲከፈት ይጠይቅልን። አናጢም፣ በያጅም፣ ከመኪና ጎማ በርባሶ የሚቆርጥ ባለሙያም እንደ መምህር ተጋብዞ፣ አበሉም እንደ መምህር ተከፍሎት ይምጣ። ለአንድ ጥንድ አራት ጎማ፣ ስምንት ኩሽኔታ፣ አራት ረጅም ብሎን፣ ሁለት የቀርከሃ ዘንግ፣ ጥቂት ላሜራና አንድ ጣሳ ኮላ ይበቃል። ኩሽኔታውን ከየጋራዡ ለቅመን እናመጣለን፤ የማገጃውን ጥርስ ከአሮጌ ሳይክል ፈትቶ የሚያመጣ ግን እስካሁን አላገኘንም።