ጥናትና ሽምደዳ አንድ አይደሉም

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በሚመጣው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተስፋ እናደርጋለን። ተስፋው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመግባታችን በፊት ልንለምደው የሚገባ አንድ ነገር ስላለ፥ በዚህች አጭር ጽሑፍ አሳቤን ለጓደኞቼ መግለጥ እወዳለሁ።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ስለ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 እንደ ተከፈተ የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በስልኬ አነበብሁና 8 ቀንሼ «በ1942 ዓ.ም. ተከፈተ» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬም ወረቀቱን አይተው «ከየት አገኘኸው? ወሩስ የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስፈልግ ኮሌጁ የተከፈተው በዲሴምበር ሆኖ ተገኘ። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የፈረንጆች ዓመት እስኪለወጥ ድረስ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 7 ነውና ትክክለኛው ዘመን 1943 ዓ.ም. ነው።

የአንድ ዓመት ስሕተት ምን ቁም ነገር አለው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ያፈርሁት ያነበብሁትን ሳልመረምር በመቀበሌ ነው።

ሽምደዳን ከአባቶች ትምህርት የወረስነው ነው የሚሉ አሉ። እርግጥ ዳዊት በቃል ይጠናል። ዳሩ ግን ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ከራሱ አዲስ ቅኔ አስቦ ለመምህሩ ይነግራል እንጂ የሌላውን ሸምድዶ መቅረብ አይበቃውም። እንግዲህ ስንፍናችንን በአባቶች አናሳብብ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጥፋቱም የተማሪ ብቻ አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ ሽምደዳውን ማብዛት አይመስለኝም። የተሸመደደ ነገር ጥያቄው ትንሽ ከተለወጠ ይጠፋልና።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሦስት ልማድ ይዣለሁ። አንደኛ፥ ከመጽሐፍ የወሰድሁትን ከነመጽሐፉ ስምና ከነገጹ በደብተሬ እጽፋለሁ። ሁለተኛ፥ ምዕራፉን አንብቤ መጽሐፉን እከድንና የገባኝን በራሴ ቃል እጽፋለሁ፤ ያልገባኝም ያን ጊዜ ይታወቀኛል። ሦስተኛ፥ አንድን ነገር በሁለት ቦታ ሳላመሳክር እውነት ነው አልልም። ይህ ሥራ ጊዜ ይፈጃል፤ ፈተና ሲቀርብም ያስጨንቃል። ቢሆንም አንድ ጊዜ የገባኝን ነገር ዳግመኛ መሸምደድ አላስፈለገኝም።

በከተማችን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ወመዘክር አለልን፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አብርሆት ተከፍቶልናል። ስለዚህ መምህራኖቻችን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በቤተ መጻሕፍት እንድንሠራ ቢፈቅዱልን፥ ወላጆቻችንም «ስንት አመጣህ?» ከማለት ጋራ «ከየት አገኘኸው?» ብለው ቢጠይቁን፥ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይሆንብንም እላለሁ።