«የት ነው የምናድረው?» ብሎ መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ አሁኑኑ አንብቡት፤ የሌላችሁ አስቀምጡትና ለጉዞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

ሰሞኑን እዚህ ዳባትም፣ ደባርቅም የጣና ጉዞ ማስታወቂያ እንደገና በየስልካችን መዞር ጀምሯል። «ከነቤተሰብዎ ይመዝገቡ! ትራንስፖርት፣ ጀልባና ምግብ ጨምሮ» ይላል። የጀልባዋ ፎቶ አለ፣ የገዳሙ ፎቶ አለ፣ የባንክ ቁጥር ደግሞ በትልቁ ተጽፏል። ሌሊቱን የት እንደምናድር ግን አንድ ቃል የለም። እኔ ዛሬ የምጣላው ከዚች ከጠፋችው ቃል ጋር ነው። የማንንም ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁላችንም ልማድ ነውና።

በመጀመሪያ ባለፈው የካቲት የገጠመኝን ልንገራችሁ።

እናቴ ስለት ነበረባት። ዘጌ ድረስ ሄዳ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ጥላ ልታስገባ ከተሳለች ዓመታት አልፈዋል። አንዴ ኮሮና፣ አንዴ ጦርነት፣ አንዴ መንገድ እያለ ሲንከባለል ቆየ። ዘንድሮስ አይቀርም ብዬ ለ5 ሰው ከፈልኩ፦ ለእናቴ፣ ለባለቤቴ፣ ለሁለቱ ልጆቼና ለራሴ። ሰኞን ከትምህርት ቤት አስፈቀድኩ። «ማክሰኞ ጠዋት ክፍል እገባለሁ» አልኩ።

ከመክፈሌ በፊት አስተባባሪውን «ድንገት መንገድ ላይ ቆይተን ባሕር ዳር ቢመሽብን የት ነው የምናድረው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ሳቀና «ቲቸር፣ አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል አሉ! አይዞህ፣ ማደሪያ አይጠፋም» አለኝ። በአጠገባችን የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ አልክደውም።

ፕሮግራሙ እንዲህ ይል ነበር፦ እሑድ የካቲት 15 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከዳባት መነሣት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ጀልባ፣ ሌሊቱን ማኅሌት፣ ሰኞ የካቲት 16 ንግሡን አክብሮ በዚያው ቀን ዳባት መግባት። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። መኪናው የመጣው ግን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ጎንደር ስንደርስ «መኪና ቀይሩ» ተባልን፤ ሁለተኛው መኪና ደግሞ ካልሞላ አልንቀሳቀስም አለ። ከአዘዞ እስከ ወረታ፣ ከወረታ እስከ ሐሙሲት ስንቴ ወርደን እንደተፈተሽን መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር ስንገባ 12 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው።

ባለ ጀልባው «አሁን አልሄድም» አለ። ልክ ነበር! ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። በጨለማ ሕፃንና አረጋዊ ጭኖ ልሂድ ቢል ኖሮ ነው መክሰስ የነበረብን።

ከዚያ አልጋ ፍለጋ ሆነ። ዋዜማ ነው፤ ሰው ከየአገሩ መጥቷል። በር አንኳኩተን «ሞልቷል»፣ በር አንኳኩተን «ሞልቷል»። የአስተባባሪው ስልክ አይሠራም። ባጃጁም ከመሸ የለም። እናቴ ጉልበቷን እያመማት፣ ጥላዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ፣ ከኋላዬ ቀስ እያለች ትከተለኛለች። በመጨረሻ ሹፌሩ አዝኖልን መኪናው ውስጥ አደርን። ስለሚሞቅ መስኮቱን ከፈትነው። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ብርድ ነው እንጂ ትንኝ መች እናውቃለን!

በማግስቱ የእኛ ናት የተባለችው ጀልባ ሌላ ሰው ጭና ሄዳለች። ተራ ደርሶን ዘጌ ስንወርድ ቀትር አልፏል። ከወደቡ እስከ ዑራ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ አለ፤ እናቴን ደግፌ አወጣኋት። ስንደርስ ታቦቱ ገብቷል፣ ሕዝቡ እየተመለሰ ነው። ጥላዋን ሰጠች፣ ደጁን ተሳለመች፣ ተቀምጣ አለቀሰች። ከደስታ ይሁን ከሐዘን አልጠየቅኳትም።

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ሌላ ሌሊት። ይኼኛውን አልጋ ከደንቡ በላይ ከፍዬ አገኘሁት። ማክሰኞ ጎንደር፣ ረቡዕ ዳባት። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ማክሰኞንም ረቡዕንም ያለ መምህር ዋሉ። ከ12 ቀን በኋላ ደግሞ ትንሿን ልጄን ትኩሳት ያዛት። ደሟ ሲታይ ወባ ነው። ተመስገን፣ ታክማ ድናለች። ግን ያን ሳምንት እንዴት እንዳደርን እኔና እናቷ ብቻ ነን የምናውቀው።

እናቴስ ምን አለች? «ደረስን አይደል ልጄ፣ ምን ቀረብን?»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይች ንግግር ናት። እናቶቻችን ሁሉን ይቅር ባዮች ስለሆኑ እኛም አስተባባሪዎቻችንም አንማርም። እነሱ «ደረስን» ሲሉ እኛ «ጉዞው በሰላም ተጠናቀቀ» ብለን ፎቶ እንለጥፋለን።

አሁን ወደሚሰጡኝ መልሶች ልምጣ። ሦስቱን ከአሁኑ አውቃቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «መከራው እኮ ነው በረከቱ» የሚለው ነው። ድካም በረከት አለው፤ እኔም አምናለሁ። አባቶቻችን ላሊበላም፣ ግሸንም በእግራቸው ሄደዋል። ግን ስንቃቸውን ቋጥረው፣ የት ውለው የት እንደሚያድሩ አውቀው፣ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲባሉ በር የሚከፍትላቸውን ሰፈር ቆጥረው ነው የሄዱት። ጾም ራስህ ስትጾመው ነው። ሌላ ሰው ምሳህን በልቶብህ «ጾምክ» ቢልህ ጾም አይባልም። ወስኖ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው አለ፤ እጁን እስማለሁ። «ሁሉም ተዘጋጅቷል» ተብሎ ከፍሎ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ግን ተታሏል። መታለልን በረከት እያላችሁ አትሸፍኑት።

ሁለተኛው «ድሃ ነን፣ አልጋ አስቀድሞ መያዝ የሀብታም ነገር ነው» የሚለው ነው። የተገላቢጦሽ ነው ወገኖቼ! ሀብታም ሳያቅድ ቢሄድ በገንዘቡ ያርመዋል። መኪና ኮንትራት ይይዛል፣ ውድ ሆቴል ይገባል፣ ሲቸግረው በአውሮፕላን ይመለሳል። በደመወዝ የሚኖር ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ ማቀድ ለእሱ ነው ግዴታው። እኔ ለሁለተኛው ሌሊት በግድ የከፈልኩት፣ አስቀድሜ ብደውል ለሁለቱም ሌሊት ይበቃኝ ነበር። የስልክ ጥሪ ስንት ነው?

ሦስተኛው «በዚህ ጊዜ ማን ያቅዳል? መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው» የሚለው ነው። እኮ! ለዚህ ነው የሚታቀደው። መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን በዘፈቀደ መሄድ ያዋጣ ነበር፤ ቢመሽብህ በሌሊት ትነዳለህ። አሁን በሌሊት አይነዳም። መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ለመዘጋቱ አንድ ቀን ይተዋል እንጂ፣ ሰዓቱን አጨናንቆ «እግዚአብሔር ያውቃል» አይልም። እግዚአብሔርማ ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነን።

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ከልጆቿ ጋር «ክሩዝ» የሚሉትን ጉዞ ሄዳ ነበር። ሆቴል የሚያህል መርከብ ነው፤ ከፍሎሪዳ ይነሣል። ስልክ ላይ የነገረችኝ ግን ስለ መርከቡ አይደለም። በዋዜማው ወደቡ ያለበት ከተማ ገብተው አደሩ። ለምን ስላት «መርከቡ አይጠብቅማ! በሩ የሚዘጋው ከመነሻው ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ከቀረህ በራስህ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ተከትለኸው ትሄዳለህ» አለችኝ። እነሱ አውሮፕላን እያላቸው፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ አንድ ሌሊት ይጨምራሉ። እኛ ከዳባት ጎንደር 75፣ ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በሁለት መኪና፣ በስንት ፍተሻ አልፈን በዚያው ቀን ጀልባ እንይዛለን እንላለን።

ደግሞ ማቀድ አንችልም አትበሉኝ። ጣናነሽ 2ን ታስታውሳላችሁ? ያቺ ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ተነሥታ በተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ባሕር ዳር ስትመጣ አገሩ ሁሉ ሥራ ፈቶ ነው የተከታተላት። ድልድዩ ይችላታል ወይ? ጠመዝማዛውን እንዴት ታልፋለች? እያልን ስንጨነቅ ነበር። በየጠዋቱ «ዛሬ የት ደረሰች? የት አደረች?» ብለን ስንጠያየቅ ከረምን። እውነቴን ነው፣ እኔም ጠይቄያለሁ። ለብረት «የት አደረች?» ብለን የጠየቅን ሰዎች ለእናታችን «የት ታድራለች?» ማለት ያቅተናል?

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1ኛ. ባሕር ዳር የምንገባው ከጀልባው አንድ ቀን ቀድመን ነው ወይ? በዚያው ቀን ከሆነ አትክፈሉ።

2ኛ. የማደሪያው ስምና ስልክ ማን ነው? ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። አጎበር አለው ወይ በሉ። የካቲት 16ን ለባሕር ዳር፣ ጥምቀትን ለጎንደር የምትሄዱ ደግሞ ቀኑ ሲቃረብ አልጋ እንደማይገኝ አውቃችሁ ቀድማችሁ ያዙ።

3ኛ. ከመናኸሪያ ወደ ማደሪያ፣ ከማደሪያ ወደ ጀልባው በምን ነው የምንሄደው? ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይቺ አጭር መንገድ ከረጅሙ ትብሳለች።

4ኛ. ጀልባው ጠዋት ነው ወይ? ተንሳፋፊ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አለ ወይ? የሕፃን ልክስ?

5ኛ. የትኞቹን ገዳማት ነው የምንሳለመው? በእኛ ወረቀት ላይ ክብራን ገብርኤልም ነበር። ሴት እንደማይገባበት ግን አልተጻፈም። ደርሰን ቢሆን እናቴና ባለቤቴ ጀልባው ላይ ተቀምጠው ሊጠብቁን ነበር። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ የወንድ ገዳም ነው። የገዳሙ ሥርዓት የከበረ ነው፤ ጥፋቱ አስቀድሞ ያልነገረ ሰው ነው። ከነቤተሰብ ለሚሄድ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ ራቅ ካለም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች።

6ኛ. መመለሻው ቢበላሽ ትርፍ ቀን አለ ወይ? ለዚያ ቀን የሚሆን ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ ይቅር።

አንድ ነገር ደግሞ ለሚመለከታቸው። ለእኛ ለሰሜን ጎንደር ሰዎች ጣና የሚቀርበን በጎርጎራ በኩል ነው። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ደብረ ሲና ማርያምም እዚያው ናት። ዱሮ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ቁንዝላ አድራ ጎርጎራ የምትገባ የሕዝብ ጀልባ ነበረች። አሁን በገበታ ለሀገር ጎርጎራ ላይ ያማረ ሪዞርት ተሠርቷል፣ ሐይቁ ላይም አዲስ ጀልባ አለ። ጥሩ ነው። ግን የጀልባው ሰዓት ከአውቶቡሱ ሰዓት ጋር ካልተነጋገረ፣ መምህርና ገበሬ በአቅሙ የሚያድርበት ንጹሕ አልጋ ካልተጨመረ፣ ጀልባው ለፎቶ ነው የሚሆነው። መንገደኛ ውኃው ላይ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ከውኃው በፊትና በኋላ ያለውን ሁለት ቀን ማን ያስብለት?

አስተባባሪ ወንድሞቼ፣ እንዳትቀየሙኝ። ብዙዎቻችሁ በነጻ እንደምትደክሙ አውቃለሁ። ግን «ማደሪያ አይጠፋም» እና «ማደሪያ ተይዟል» አንድ አይደሉም።

እናቴ አሁን ደግሞ «ናርጋ ሥላሴን ሳላይ አልሞትም» ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ የደወልኩት ለባለ ጀልባ ሳይሆን ለአልጋ ነው።

እናንተም የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ስታዩ ሌላ ነገር አትጻፉ። ስድብም አያስፈልግም። ኮመንት ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ አስቀምጡ፦ «የት ነው የምናድረው?» መልስ እስኪመጣ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

ቸር ይግጠመን። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት።