ማጀትም የሙከራ ማሳ ይኑራት

የፀዳና የአካባቢዋ አርሶ አደሮች!

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ዋግም አልጽፍም። ከማሳ ወጥቼ ማጀት ልገባ ነው። "አንተ ልጅ፣ ዲኤ ሆነህ ስለ ወጥ ምን አገባህ?" የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ያገባኛል። እስቲ እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ የመጣልኝ አንድ አርሶ አደር ቤት ነው። ስም አልጠራም። ጎበዝ ገበሬ ናቸው፤ በመስኖ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ያለማሉ። የሄድኩ ዕለት ካሮቱ ታጥቦ በጆንያ ተሞልቶ ለአዘዞ ገበያ ተዘጋጅቶ ነበር። ምሳ ቀረበልን። እንጀራ በሽሮ ነው። ሽሮው ይጣፍጣል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ዓይኔ ከጆንያው አልነቀል አለ። ትንሿ ልጃቸው ያለ ዕድሜዋ ያነሰች ናት፤ እሷም የምትበላው ያንኑ ነው።

"ጋሼ፣ ከካሮቱ ለቤት አታስቀሩም እንዴ?" አልኳቸው።

"ካሮት እኮ የከተማ ሰው ምግብ ነው" አሉኝ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ "እኔ አንድ ቀን ፍቄ ሽሮው ውስጥ ጨምሬው ነበር። 'ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?' ተባልኩና ተውኩት" አሉ።

እኔም ጋሼን መልሼ ጠየቅኳቸው። "አምና ያንን አዲስ የስንዴ ዘር ዘርተው ዋግ ሲመታው እትዬ ምን አሉዎት?"

"ምን ትለኛለች! 'እግዜር ያውቃል፣ ለከርሞ ይሻላል' አለችኝ።"

"ታዲያ እሳቸው አንድ ድስት ሽሮ ቢበላሽባቸው 'ለከርሞ ይሻላል' የማይሏቸው ለምንድን ነው?"

ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም። የዛሬው ጽሑፌ እንግዲህ ይሄው ጥያቄ ነው። ማሳ ላይ አዲስ ነገር ስንሞክር መክሰርን እንችላለን። ዘር፣ ጉልበት፣ ማዳበሪያ ጠፍቶም "ተማርንበት" እንላለን። ማጀት ውስጥ ግን አንድ ጊዜ የቀጠነ ወጥ ወይም የተሰባበረ እንጀራ ዓመት ሙሉ ይነሳል። በዚህ ሁኔታ ማን ደፍሮ አዲስ ነገር ይሞክራል? እኔ የምለው ማሳችን የሙከራ ቦታ እንዳለው ሁሉ ማጀታችንም ይኑራት ነው።

አንዳንዶቻችሁ "የአባት የእናታችን ምግብ ምን ጎደለው? አዲስ ነገር ለምን?" ትሉ ይሆናል። ምንም አልጎደለውም። ግን የአባት የእናታችን ምግብ የምንለውም ድሮ አዲስ የነበረ ነው። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር በባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አያቶቻችን ቀይ ወጥ አያውቁም ማለት ነው። በቆሎም እንደዚሁ ከዚያው ነው የመጣው፤ አሁንም "የባሕር ማሽላ" የሚሉት ሽማግሌዎች አሉ፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንዳስገባው ይነገራል። ዛሬ ድንች የሌለበት የጾም ወጥ አለ? አንድ ቀን አንዲት እናት "እስቲ ይሄን ነገር ልቀቅለው" ባትል ኖሮ ድንቹ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ ፎገራን እንይ። ከዚህ ተነስታችሁ ማክሰኝትን፣ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ ወደ ወረታ ስትወርዱ ያለውን ሜዳ ታውቁታላችሁ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ክረምቱን ውኃ ይተኛበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረ፣ "ኤክስ ጅግና" የሚባለውም ዝርያ ተስፋፋ። ዛሬ ፎገራ በአገሪቱ በሩዝ የምትታወቅ ሆና ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያ ተቋቁሟል። ግን በእኔ አስተያየት ሩዝን የፎገራ ሰብል ያደረገው ዘሩ ብቻ አይደለም። የፎገራ እናቶች ሩዙን ፈጭተው ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩበት፣ ጠላም ጠመቁበት፣ አረቄም አወጡበት። ሩዝ በሹካ የሚበላ የእንግዳ ምግብ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ገበሬው ሸጦ መጨረስ ብቻ ነበር ዕጣው። መሶብ ውስጥ ስለገባ ቤትም ቀረ፣ ገበያም ወጣ።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ። ሰብል የእኛ የሚሆነው ማሳችን ላይ የበቀለ ዕለት ሳይሆን ማጀታችን የለመደችው ዕለት ነው። እኛ ባለሙያዎች ግን ሥልጠና ስንሰጥ ዘሩን፣ መስመሩን፣ ርጭቱን አስተምረን እዚያው እናቆማለን። "ይሄ ነገር እንዴት ይበላል?" የሚለውን የሚያስተምር የለም። ይሄ የእኛም ጥፋት ነው፤ እኔን ጨምሮ።

ጉዳዩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤናና ሥነ ሕዝብ ጥናት በክልላችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከ100ው 41ዱ ያህል ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያልደረሱ፣ ማለትም የቀነጨሩ ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ ያኔ 37 ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ብሎ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ቃል ኪዳኑ በቢሮ ይፈረም እንጂ የሚፈጸመው ድስት ውስጥ ነው። መቀንጨር በረሃብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ጎተራው ሞልቶ፣ ልጁ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ሲበላም ይመጣል። ካሮትና እንቁላል የምናመርተው እኛ፣ የሚበላው ጎንደር። ይሄ አያሳዝንም?

አትሽጡ እያልኩ አይደለም። ብር ያስፈልጋል፤ ደብተር፣ ጨው፣ ዘይት የሚገዛው በዚያው ነው። ግን ከጆንያው አፍ አንድ ሳህን ይቅር። ከአሥር እንቁላል ሦስቱ ለልጅ ይቅር።

እሺ፣ እንዴት እንሞክር? አዲስ ዘር ሲመጣ "መጀመሪያ ሩብ ጥማድ ላይ ሞክሩት" የምላችሁን አስታውሱ። ማጀትም ውስጥ ሕጉ ያው ነው።

አንደኛ፣ በትንሹ ሞክሩ። የሳምንቱን ሊጥ ሳይሆን የሁለት እንጀራውን፣ ትልቁን ድስት ሳይሆን ትንሹን።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ዱቄቱንም ቅመሙንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንዳጣፈጠው ወይም እንዳበላሸው አታውቁም።

ሦስተኛ፣ ስፈሩ። "በግምት" የሚባለው የለመድነው ነገር ላይ ነው የሚያምረው። ለአዲስ ነገር አንድ ስኒ ያዙና በእሱ ለኩ።

አራተኛ፣ አንዴ ስለከሸፈ አትተዉት። ሦስት ጊዜ ስጡት። ልጅም አዲስ ምግብ ሲያይ መጀመሪያ መትፋቱ ያለ ነው፤ ደጋግሞ ሲቀርብለት ይለምደዋል።

ለመጀመሪያ ሦስት ነገር ልስጣችሁ። ሁሉም ያላችሁን ነው የሚጠይቀው።

የመጀመሪያው ካሮት በሽሮ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት ስታቁላሉ አንድ ካሮት ፍቃችሁ አብራችሁ ጨምሩ። ሲበስል ውኃ አድርጉና ሽሮውን እንደ ልማዳችሁ ነስንሱ። ጥቂት ጣፈጥ ይላል፣ መልኩም ያምራል። ካሮት ለዓይንና በሽታን ለመቋቋም የሚጠቅም ነገር አለው፤ ሰውነታችን በደንብ የሚወስደው ከዘይት ጋር ሲበላ ነው። ስለዚህ ሽሮ ውስጥ መግባቱ ጥሬውን ከማኘክም ይሻላል።

ሁለተኛው የድንች ዳቦ ነው። በዚህ እኔ ራሴ ተዋርጃለሁ። በተከራየሁባት ክፍል ድንች ቀቅዬ፣ ፈጭቼ ከስንዴ ዱቄት ጋር አቦካሁት። ውኃውን ግን እንደ ወትሮው ዳቦ አደረግኩበት። ድንቹ የራሱ ውኃ እንዳለው አላሰብኩም። ሊጡ ሙጫ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ፤ የተጋገረውም ውስጡ ጥሬ ነበር። አከራዬ አይተው ሲስቁ አመሹ። በሁለተኛው ሦስት ስኒ ዱቄት በአንድ ስኒ የተፈጨ ድንች አደረግኩ፣ ድንቹን አቀዝቅዤ፣ ውኃውን ትንሽ በትንሽ እየጨመርኩ። ለስላሳ ዳቦ ወጣልኝ፤ በማግስቱም አልደረቀም። አከራዬ አሁን ራሳቸው ይጋግሩታል፤ "ያንተ ዳቦ" ይሉታል። ድንች ረክሶ ዱቄት በሚወደድበት ወር ይሄን አስቡት።

ሦስተኛው የልጅ ገንፎ ነው። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ፣ ከጡት በተጨማሪ። ሦስት እጅ እህል፣ ገብስ ወይም ስንዴ ሊሆን ይችላል፤ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ። ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ አብሮ ይፈጭ። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ሳይሆን ወፈር ያለ ይሁን። ሊወርድ ሲል አንድ እንቁላል መትታችሁ ጨምሩና አማስላችሁ በደንብ አብስሉት። በሌላ ቀን በእንቁላሉ ፈንታ የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ ፈጭታችሁ ጨምሩበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ይሄንኑ ትነግራችኋለች፤ እኔ የምጨምረው ሽምብራውም እንቁላሉም እቤታችሁ አለ የሚለውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጾም የሚጾሙ እናቶች የሚሉኝን አውቃለሁ። "ልጁ አይጾምም፣ ግን ድስቱ ይነካካብኛል።" ይሄ ቀላል ስጋት አይደለም፣ አልንቀውም። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው። ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለዩለት። ቤተ ክርስቲያን ሕፃንን ጹም አትልም፤ ከተጠራጠራችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በዓመት ውስጥ ጾም ስንት ቀን እንደሆነ ቁጠሩና፣ ያን ሁሉ ቀን እንቁላል ያጣ ልጅ ምን ያህል እንደሚቀርበት አስቡ።

የማይሞከር ነገርም አለ። ጓያን የምግብ ማብዣ አታድርጉ። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያና በፎገራ ጓያ እግር የያዘው ሰው ብዙ ነው፤ ዳግመኛ ቀጥ ብሎ ያልሄደ አለ። ሌላ ምግብ ሲጠፋ ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ ነው የሚያመጣው። መዘፍዘፍና መቀቀል መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነና የመረረ ድንችም አይበላ፤ የበቀለውን ዓይኑን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ድንቹን ከብርሃን አርቃችሁ አስቀምጡ። የሻገተ በቆሎና የሻገተ ለውዝ ለሰውም ለዶሮም አይሆንም። ቆልቼዋለሁ ብላችሁ አትመኑ፣ የሻጋታው መርዝ በእሳት አይጠፋም።

አሁን ወደ ወንዶቹ ልመለስ። ወንድሞቼ፣ አባቶቼ፣ "ማጀት የሴት ነው" የሚለውን ዛሬ አልከራከራችሁም፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። አዲስ ነገር የቀረበላችሁ ቀን ፊታችሁን አታጥቁሩ። ልጆች የእናንተን ፊት ነው የሚያዩት፤ አባት የገፋውን ሳህን ልጅ አይነካውም። አንድ ጉርሻ ቅመሱና "ጨው ያንሰዋል፣ ለሚቀጥለው ይሻላል" በሉ። አዲስ ዘር ማሳችሁ ላይ ሲከሽፍ የተባላችሁትን ቃል መመለስ ነው፣ ሌላ አይደለም።

እናቶችና እህቶች ደግሞ፣ የሞከራችሁትን ለጎረቤት ንገሩ። ቡና ላይ የምታወሩት ነገር የእኔን የሦስት ቀን ሥልጠና ያስንቃል። የከሸፈውንም ንገሩ፣ ሌላዋ በዚያው እንዳትደክም።

እኔም በበኩሌ ቃል ልግባ። ከእንግዲህ አዲስ የአትክልት ዘር ይዤላችሁ ስመጣ ድስትና ማንኪያ ይዤ ነው የምመጣው። ማሳው ዳር ጉልቻ ጎልተን፣ ምርቱን እዚያው አብስለን እንቀምሰዋለን። ካልጣፈጣችሁ ዘሩን መልሱልኝ።

እኚያ ጋሼ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝተውኝ ነበር። "ሽሮው ቀይ ሆኖ ቀረበ" አሉኝ። "ታዲያ እንዴት ነበር?" ብላቸው፣ "ጨው ያንሰዋል፣ ለሚቀጥለው ይሻላል" ብለው ስቀው አለፉ።

መልካም የምርትና የጓዳ ጊዜ ይሁንላችሁ!