ያልተሸጠ ጋዜጣ ማን ይፈልጋል?



«ሚዲያው የተገዛ ነው» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም። ብዙ ጊዜም እውነት አለው። ግን ያልተገዛ ጋዜጣ ለመኖር ምን እንደሚያስፈልገው ስንቶቻችን ጠይቀናል? ዛሬ አንዱን እንመልከት።

«ሌ ሞንድ ዲፕሎማቲክ» እ.ኤ.አ. በ1954 በፓሪስ ሲጀመር ለዲፕሎማቶች የታሰበ የ«ሌ ሞንድ» ወርሃዊ ጋዜጣ ነበር። በጊዜ ሂደት በዓለም ፖለቲካ ላይ የራሱን አቋም የሚይዝ፣ በብዙ ቋንቋዎች የሚነበብ ጋዜጣ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሲሆን 51 በመቶው በ«ሌ ሞንድ» እጅ ቀረ፤ ሠራተኞቹና አንባቢዎቹ ደግሞ በየማኅበራቸው ገንዘብ አሰባስበው 49 በመቶውን ያዙ። ከናዚዎች ሸሽቶ ቦሊቪያ የኖረው ጉንተር ሆልዝማን ለዚሁ 1 ሚሊዮን ዶላር ለግሷል። በፈረንሳይ ሕግ ከሲሶ በላይ ድርሻ ያለው ወገን የኩባንያውን መተዳደሪያ ደንብ መለወጥን ማገድ ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 ሦስት ባለሀብቶች «ሌ ሞንድ»ን ሲገዙ፣ የሠራተኞቹና የአንባቢዎቹ 49 በመቶ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ታዲያ ከባለሀብት ያመለጠ ሁሉ ነፃ ነው? አይደለም። ጋዜጣውን እስከ 2008 የመራው ኢግናሲዮ ራሞኔ ከፊደል ካስትሮና ከሁጎ ቻቬዝ ጋር በነበረው ቅርበት ብዙ ተተችቷል። ትችቱ ተገቢ ነው እንላለን። ለባለሀብት ያልጎነበሰ ብዕር ለሚወደው መሪ ካጎነበሰ ነፃነቱ ግማሽ ነው።

ሌላም ጌታ አለ፤ እሱም የአንባቢ ጭብጨባ ነው። ይህ ጋዜጣ ለፍልስጤም መብት የሚሟገት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 የፍልስጤማዊውን ምሁር የኤድዋርድ ሰዒድን ጽሑፍ አወጣ። ሰዒድ፣ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙትን እልቂት የካደውን ሮዤ ጋሮዲን የደገፉ የዐረብ ምሁራንን ነቀፈ። ጋሮዲ እስልምናን የተቀበለ ፈረንሳዊ ስለነበር «የእኛ ሰው ነው» ብለው የቆሙለት ብዙዎች ነበሩ። የፍልስጤም ሐቅ ግን የሌላውን እልቂት በመካድ አይጠነክርም። ዲናችንም በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር ያዘናል።

እኛን የሚመለከተው እዚህ ጋ ነው። ነፃ ሚዲያ እንፈልጋለን እንላለን፤ ነገር ግን ለአንድ እትም ዋጋ መክፈል ይከብደናል። አንባቢ ካልከፈለ ባለሀብት ወይም መንግሥት ይከፍላል፤ የከፈለም ያዛል። ስንከፍል ደግሞ ጆሯችን የሚወደውን ብቻ እንዲጽፉልን ከጠበቅን፣ እኛው ራሳችን ገዢዎቹ ሆንን ማለት ነው።

ስለዚህ ለምናምነው ጸሐፊ እንክፈል። ያልወደድነውን ሲጽፍም ወዲያው ፊታችንን አናዙርበት፤ ማስረጃውን እንይ፣ በማስረጃም እንመልስለት። አላህ ሐቅን ከሚሸከሙት ያድርገን።