በቀስታ መወሰድ

የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 2 መጀመሪያ የሚያስጠነቅቀን ስለ መካድ አይደለም፤ ስለ መወሰድ ነው። የሚወሰድ ሰው አይሮጥም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ያን የሚያህል ሐይቅ እንኳ ጠላት አለው፦ ዓባይ በየክረምቱ ከደጋው አጥቦ የሚያወርደው ደቃቅ ደለል።

ልብም እንዲሁ ነው። ከአሶሳ ወደ ወርቅ ሥፍራ የወጣ ክርስቲያን በአንድ ቀን ሃይማኖቱን አይክድም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ይቀራል፤ ጸሎቱን ያሳጥራል፤ ሚዛን ላይ ጥቂት ያጎድላል። ዓመት ሲሞላ ማተቡ ካንገቱ አለ፤ ጸሎቱ ግን ካፉ ጠፍቷል።

መድኃኒቱን ወርቅ አጣቢው ያውቃል። ገበቴውን ውኃ ውስጥ ደጋግሞ ያዟዙራል፤ አሸዋው ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ይህንም በየዕለቱ ያደርገዋል። እኛ ግን ልባችንን ለማጠብ ዐቢይ ጾምን እንጠብቃለን።

ውድ አንባቢ፣ በየማታው «ዛሬ ማንን በደልሁ? ምንስ ተውሁ?» ብለን እንጠይቅ። ያየነውን ሳናቆይ ለንስሐ አባት እንናገር፤ ያጎደልነውንም እንመልስ። የአንድ ቀን ደለል በእፍኝ ይወጣል፤ የብዙ ዓመት ደለል ግን ሐይቁን ራሱን ይወርሳል።