ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው ስስ ሶላር፦ ከመግዛታችን በፊት

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ከተወሰነ ወዲህ ስለ ሶላር የሚጠይቁን ወንድሞችና እህቶች አልጠፉም። ጥያቄው ከሚነሣባቸው ነገሮች አንዱ እንደ ምንጣፍ የሚተጣጠፈውና ቆርቆሮ ላይ ይለጠፋል የሚባለው ስስ ሶላር ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው ቤት ሊገዙት ሲያስቡ የሚማርካቸው ቀላልነቱ ነው። እኛም መጀመሪያ ልናየው የሚገባን ይህንኑ ቀላልነት ነው።

ስስ ሽፋን የሚባለው ሶላር ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ንጥረ ነገር በመስታወት፣ በፕላስቲክ ወይም በስስ ብረት ላይ እንደ ቀለም ሳስቶ የሚሠራ ነው። (ገበያ ላይ ተጣጣፊ የሚባለው ሁሉ ግን ስስ ሽፋን አይደለም፤ ብዙው የተለመደው ሲሊከን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ነው።) ተጣጣፊው በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ የተለመደው ባለ መስታወት ፓነል ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። ማገሩ ባሕር ዛፍ ለሆነ ቤት ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል።

ሆኖም የምንገዛው ካሬ ሜትር ሳይሆን ኃይል ነው። ጥሩ የሲሊከን ፓነል 1 ኪሎዋት ለመስጠት 5 ካሬ ሜትር ያህል ሲበቃው፣ ተጣጣፊው ስስ ሽፋን 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ለተመሳሳይ ኃይል ክብደቱ 55 ኪሎ በ30 ኪሎ ይሆናል። የሚይዘው የጣሪያ ቦታ ግን እጥፍ ነው።

ሌላው ችግር የቆርቆሮው ቅርጽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዩኒ-ሶላር በሚል ስም ይሸጥ የነበረው ተለጣፊ ሶላር 39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው፤ የተሠራውም ሰፊና ለጥ ያለ ሜዳ ላለው የብረት ጣሪያ ነበር። የእኛ ቤቶች ቆርቆሮ ግን በአመዛኙ ሞገዳማ ነው። የተለጠፈው የሚይዘው የሞገዱን አናት ብቻ ነው፤ ከሥሩ ውኃና አቧራ ይገባል። ስስ ሽፋን ሙቀትን ከሲሊከን ይሻላል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጋለ ቆርቆሮ ጋር ተጣብቆ፣ አየር ሳያልፍበት ሲውል ይህ ብልጫው ይቀንሳል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበን ዋስትናው ነው። የዩኒ-ሶላር ባለቤት ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አወጀ። በስስ ሽፋን ይሠራ የነበረው ሶሊንድራም በ2011 ተዘግቷል። ምክንያቱ የጥራት ብቻ አልነበረም፤ የሲሊከን ዋጋ በፍጥነት ወድቆ ሊወዳደሩት አልቻሉም። ለ20 ዓመትና ከዚያ በላይ ዋስትና ይዘው የገዙ ደንበኞች ጣሪያቸው ላይ ፓነሉ ሲቀር፣ የሚጠይቁት አካል ግን አልነበረም። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ሶላር ከ90 በመቶ በላዩ ሲሊከን ነው። የስስ ሽፋን ዋናው አምራች ፈርስት ሶላርም በአብዛኛው የሚሸጠው ለትላልቅ የኃይል ማመንጫዎች ነው።

ከወለድ ነፃ ባንክ በሙራበሃ ለሚገዛ ቤተሰብ ነገሩ ይከብዳል። ዕቃው ቢበላሽም የተስማማንበት ዋጋ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። ሻጭ የሚያውቀውን ዐይብ መደበቅ እንደማይፈቀድለት ፉቀሃዎች በግልጽ አስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ፓነሉ ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደተሠራ፣ ሲነቀል ቆርቆሮው አብሮ ይቀደድ እንደሆነና ዋስትናውን አገር ውስጥ ማን እንደሚያስፈጽም በውሉ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ መብታችን ነው። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካመነታ መልሱን አግኝተናል።

ማገሩ በእርግጥ ደካማ የሆነ፣ ጣሪያው ሰፊና ለጥ ያለ ሜዳ ያለው ቤት ካለ ስስ ሽፋኑ ቦታ አለው። ለቀረው ግን በቅድሚያ አናጢ ጠርቶ ማገሩን ማስፈተሽ ይሻላል። ጥቂት ቋሚና ማገር ጨምሮ የተለመደውን ፓነል ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ቆርቆሮው ሲያረጅም ፈትቶ መልሶ መግጠም ይቻላል፤ የተለጠፈው ግን ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ይጣላል።