የጋራ ሕንፃ ጣሪያዎችና የዲሽ ብዛት፡ ሁለት አንቴና በአንድ ኬብል

በከተሞቻችን የሚገኙ ብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጣሪያና በረንዳ በሳተላይት ዲሾች ተሸፍኗል። እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱን ዲሽ ለመትከል ጣሪያውን ሲበሳ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ውኃው የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ ዲሹን ባልተከለው የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ቤት ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ግን የሕንፃው ጣሪያ የባለቤቶች ሁሉ የጋራ መጠቀሚያ ነው።

ይህን ያህል ዲሽ መትከል የቴክኖሎጂ ግዴታ አይደለም። በዲሹ ላይ የሚገጠመው ኤል.ኤን.ቢ. የሳተላይቱን ሞገድ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ወዳለው ክልል ዝቅ አድርጎ ወደ ኬብሉ ያስገባል። የተራው ቴሌቪዥን አንቴና የሚቀበለው ከዚህ በታች ያለውን ሞገድ ነው። ሁለቱ ስለማይደራረቡ ዲፕሌክሰር በተባለ አነስተኛ ዕቃ ተጣምረው በአንድ ኬብል ይወርዳሉ፤ ቤት ውስጥም በተመሳሳይ ዕቃ ይለያሉ። በርካሽ የሚሸጠው ስፕሊተር ይህን ሥራ አይተካም። ሪሲቨሩ ለኤል.ኤን.ቢ. ኤሌክትሪክ የሚልከው በዚያው ኬብል በመሆኑ፣ ኃይሉ ወደ ተራው አንቴና ካለፈ ሾርት ሊፈጥር ይችላል።

ጎረቤታሞች አንድ ዲሽ ለመጋራት ሲሞክሩ የሚጋጩትም በዚሁ ኤሌክትሪክ ምክንያት ነው። ሪሲቨሩ አንዳንዱን ጣቢያ በ13፣ ሌላውን በ18 ቮልት ይጠይቃል፤ ሁለት ቤቶች አንድ መስመር ላይ ሆነው የተለያየ ሲጠይቁ የአንዱ ምስል ይጠፋል። ጥፋቱ የጎረቤት ተንኮል እየመሰለ ቅሬታ ሲያስነሣ ይስተዋላል።

መፍትሔው መልቲስዊች ነው። አራት መውጫ ካለው ልዩ ኤል.ኤን.ቢ. አራት ኬብሎችን፣ ከተራው አንቴና ደግሞ አንድ ኬብል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ቤት ሁሉንም በአንድ መስመር ያደርሳል። በዚህ አሠራር አንድ ዲሽ ለአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ይበቃል፤ ሆኖም ሁሉም የሚመለከቱት ያንኑ ሳተላይት መሆን አለበት።

በእኛ እይታ አሠራሩ የሚሰናከለው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በኃላፊነት አለመለየት ጭምር ነው። መልቲስዊቹ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን መብራት ይፈልጋል፤ ሲበላሽም የሚጨልመው የሁሉም ስክሪን ነው። በመሆኑም መብራቱ ከየትኛው ቆጣሪ እንደሚቀጠል፣ የጥገና ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና የጣሪያውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ የባለቤቶች ማኅበር ዕቃው ከመገዛቱ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ሊወስን ይገባል።